ሻወር ከመግዛትዎ በፊት

ሰው ቤት ሲሠራም ሆነ ሲያድስ ከሁሉ አብልጦ የሚጨነቀው ለሳሎኑ ነው። የኮርኒሱ ቅርጽ፣ የመጋረጃው ቀለም፣ የሶፋው ልብስ ባልና ሚስቱን ስንት ሳምንት ሲያነጋግር ይሰነብታል። የመታጠቢያ ቤቱ ነገር ግን ገንዘቡም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ ለቧንቧ ሠራተኛው «እንደሚሆን አድርገው» ተብሎ ይተዋል። ይሁን እንጂ እንግዳ ሳሎኑን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ ቤተ ሰቡ ግን ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዱ በፊት የሚገባው ወደ መታጠቢያ ቤት ነው። ከዚህም በላይ ውሃና ኤሌክትሪክ ራቁቱን በቆመ ሰው ራስ ላይ የሚገናኙበት ክፍል ከዚህ ሌላ በቤት ውስጥ የለም። ስለዚህ፣ አንባቢዬ ሆይ፣ ሳሎንዎን ለጊዜው እንተወውና የዛሬውን ጭውውታችንን በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ እናድርግ።

ገበያ የወጣ ሰው የሚቀርብለት ምርጫ በዋናው ሁለት ነው። አንደኛው የኤሌክትሪክ ሻወር የሚባለው ነው። በሻወሩ ራስ ውስጥ የሚግል ጥቅል ሽቦ አለ፤ ቧንቧው ሲከፈት የውሃው ግፊት በውስጥ ያለውን ማብሪያ ይገፋና ሽቦው ይግላል፤ ውሃውም በሽቦው ላይ እያለፈ ወዲያው ይሞቃል። ቧንቧው ሲዘጋ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ማጠራቀሚያ የለውም፤ መጠበቅም የለበትም። ይህ ዓይነቱ ሻወር በብራዚል አገር በሰፊው የሚሠራበት ነው። ሁለተኛው ሚክሰር የምንለው፣ ማለት ሙቁንና ቀዝቃዛውን ውሃ የሚቀላቅለው ሻወር ነው። ይህ ራሱ ምንም አያሞቅም። ሁለት ቧንቧ ይመጣለታል፤ በአንዱ ቀዝቃዛ ውሃ፣ በሌላው ከቦይለር ወይም በጣራ ላይ ካለ የፀሐይ ማሞቂያ የመጣ ሙቅ ውሃ። የእርስዎ ሥራ መዘውሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ለገላዎ የሚስማማውን ሙቀት ማግኘት ነው።

ባለ ሱቁን ቢጠይቁት በመጋዘኑ የበዛውን ያመሰግንልዎታል። ቧንቧ ሠራተኛውን ቢጠይቁት ብዙ ቧንቧ የሚፈልገውን ሚክሰር ይመርጣል። ጎረቤትዎ ደግሞ እሱ የገዛውን እንዲገዙ ይመክርዎታል፤ ሰው ብቻውን መሳሳት አይወድምና። እኔ ግን በዚህ ዓምድ ልነግርዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፣ የሚመረጠው ሻወሩ ሳይሆን አስቀድሞ የሚመረመረው ቤቱ ነው። ቤትዎ ምን ዓይነት ሽቦ፣ ምን ዓይነት ውሃና ስንት ሰው እንዳለው ካወቁ ሻወሩ ራሱን ይመርጣል። ይህን ሳያውቁ የተገዛ ሻወር ግን ውድም ይሁን ርካሽ ዕዳ ነው።

ሙቅ ውሃ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ባሠሩበት በፍል ውሃው አጠገብ የተቆረቆረች ናት። ነገር ግን የፍል ውሃን ውሃ የሚያሞቀው መሬት ነው፤ ለመሬት ደግሞ ቆጣሪ የለውም። እኛ በየቤታችን የምናሞቀው ውሃ ቆጣሪ አለው። ስለዚህ ከገንዘቡ እንጀምር።

ብዙ ሰው «የኤሌክትሪክ ሻወር መብራት ይበላል» ሲል እሰማለሁ። ሌላው ደግሞ «የሚበላውስ ቦይለር ነው» ይላል። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው፤ ነገሩን ለማየት ግን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊሠራው የሚችል ሒሳብ ይበቃል። ቀዝቃዛው ውሃ 16 ዲግሪ ነው እንበል፤ ለመታጠቢያ የሚስማማው ደግሞ 38 ዲግሪ ይሁን። 100 ሊትር ውሃ ከ16 ወደ 38 ዲግሪ ለማድረስ 2.56 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። ይህ ቁጥር ውሃው በሻወር ራስ ውስጥ ቢሞቅም፣ በቦይለር ቢሞቅም፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በድስት ቢሞቅም አይለወጥም። አንድ ሊትር ውሃ የሚጠይቀው ሙቀት አንድ ነው፤ ማንም ፋብሪካ ሊያስቀንሰው አይችልም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ ስንት ሊትር እንደሚወርድብዎ፣ ሁለተኛ የሞቀው ውሃ ሳይታጠቡበት ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚቀዘቅዝ።

አሁን ሊትሩን እንይ። 5,500 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ሻወር በሙሉ ኀይሉ ሲሠራ ከላይ ባልነው ሙቀት የሚሰጥዎ በደቂቃ 3 ሊትር ተኩል ግድም ነው። ከዚህ በላይ ውሃ ቢለቁበት ይቀዘቅዛል። ስምንት ደቂቃ ቢታጠቡ 29 ሊትር ውሃና ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ፣ 0.73 ያህል ይወስዳሉ። ሚክሰር ግን እጁ ሰፊ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር ቢያወርድ በስምንት ደቂቃ 64 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈጀውም 1.64 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እንግዲህ የኤሌክትሪክ ሻወር በዋት ብዛት የሚያስፈራ ቢሆንም በኪሱ ረገድ ቆጣቢ ነው፤ የሚቆጥበው ግን በተአምር ሳይሆን ውሃውን ስለሚነፍግዎ ነው። ሚክሰሩ ቢያባክን ጥፋቱ የራሱ ሳይሆን የሚፈሰው ውሃ ብዛት ነው፤ ውሃ የሚመጥን ጥሩ ራስ ቢደረግበት በደቂቃ በ5 ሊትር ደኅና አድርጎ ያጥባል።

ቦይለሩ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። 50 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ውሃውን 60 ዲግሪ ካደረሰ በኋላ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 100 ሊትር የመታጠቢያ ውሃ ይወጣዋል። 1,500 ዋት ቢሆን ይህን ለማሞቅ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ግድም ይፈጅበታል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት እያንዳንዱ 64 ሊትር ቢያፈስ፣ መጀመሪያ የገባው በደስታ ይታጠባል፤ ሁለተኛው ሳሙናውን ሳያለቅቅ ለብ ይልበታል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በቀዝቃዛ ይንቀጠቀጣሉ። መጨረሻ የምትገባው ደግሞ በብዙ ቤት ቁርሱን ስታዘጋጅና ልጆቹን ስታለብስ የቆየችው እናት ናት። ስለዚህ ለአምስት ሰው ቤት ሚክሰር የሚመርጥ ሰው ወይ 80 እና 100 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ይግዛ፣ ወይ ውሃ የሚመጥን ራስ ያድርግ፣ ወይ ከቤተ ሰቡ ግማሹ ማታ ግማሹ ጠዋት እንዲታጠብ ተራ ያውጣ። የኤሌክትሪክ ሻወር በዚህ በኩል አድልዎ የለውም፤ ለመጀመሪያውም ለመጨረሻውም እኩል ነው።

እስከዚህ ድረስ የኤሌክትሪክ ሻወር ያሸነፈ ይመስላል። አሁን ግን ወደ ሽቦው እንሂድ።

5,500 ዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ነው። ይህን ለማስተያየት የእንጀራ ምጣድዎን ያስቡ። በብዙ ቤት ከሁሉ የከበደ ዕቃ እሱ ነው፤ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ቢሆን 16 አምፔር ይወስዳል። እንግዲህ ይህች በእጅ የምትያዝ ትንሽ የሻወር ራስ ምጣዱን ጥላ ትሄዳለች። ምጣዱ ተጥዶ ሳለ ሰው ገላውን ሊታጠብ ቢገባ ሁለቱ አንድ ላይ 41 አምፔር ይስባሉ፤ ፍሪጁና መብራቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። በዚህን ጊዜ ብሬከሩ ቢወድቅ እግዚአብሔርን ያመስግኑ፤ ሥራውን ሠርቷልና። የሚያስፈራው ብሬከሩ ሳይወድቅ ሽቦው የጋለ እንደሆነ ነው። ለሶኬት የተዘረጋ፣ 16 አምፔር እንዲሸከም የታሰበ ሽቦ 25 አምፔር ሲያልፍበት በውስጡ የሚፈጠረው ሙቀት ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይደርሳል። ሽቦው በግድግዳ ውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ ልባሱ ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንድ ቀንም ይቀጣጠላል። አንዳንድ ሰው ብሬከሩ እየወደቀ ሲያስቸግረው ሽቦውን ትቶ ብሬከሩን በትልቅ ይለውጣል። ይህ ውሻው ስለጮኸ ውሻውን ገድሎ ሌባውን ማስገባት ነው።

ስለዚህ ለኤሌክትሪክ ሻወር ከዋናው ማከፋፈያ ሣጥን ተነሥቶ ቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ፣ ሌላ ዕቃ የማይጋራው ሽቦ ያስፈልጋል። ውፍረቱ ከ4 ካሬ ሚሊሜትር ማነስ የለበትም፤ መንገዱ ረዥም ከሆነ 6 ይሁን። የራሱም ብሬከር ይኑረው። በሶኬት መሰካት ፈጽሞ አይገባም። 1,500 ዋት የሆነው ቦይለር ግን 7 አምፔር እንኳ አይሞላም፤ ባለ 2.5 ሽቦ ይበቃዋል። ግድግዳው ተለስኖና ቀለም ተቀብቶ ያለቀ ቤት፣ አዲስ ሽቦ ለመዘርጋት የማይመች ከሆነ፣ ይህ ነገር ብቻውን ፍርዱን ይሰጣል።

ሌላም ችግር አለ። ማታ ሰው ሁሉ ምድጃና መብራት ሲያበራ የሰፈሩ ቮልት ዝቅ ይላል። ኀይሉ ግን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ ከዚያ ይበልጥ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ቢሆን፣ 5,500 ዋት የተባለው ሻወር 3,700 ግድም ይሆናል፤ የሚያሞቀውም ውሃ በደቂቃ ወደ 2 ሊትር ተኩል ይወርዳል። ይህ የሻይ ብርጭቆ ማለቅለቂያ እንጂ የገላ መታጠቢያ አይደለም። ቦይለር በዚህ ጊዜ የሚጎዳው መዘግየት ብቻ ነው፤ አንድ ሰዓት ከአርባ የሚፈጅበት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፤ ውሃው ግን ይሞቃል።

የቮልቱ መውረድ ምክንያት ምን እንደሆነ ለማየት አንድ ሌላ ሒሳብ ላሳይዎ። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ 43,200 ኪሎዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው፤ በጊዜውም የአገር ኩራት ነበር። ይህ ኀይል ሁሉ ለሻወር ብቻ ቢውል በአንድ ጊዜ የሚያጥበው 7,850 ሰው ያህል ብቻ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ስለሆነ በማመንጨት በኩል ነገሩ ሌላ ሆኗል። ይሁን እንጂ ዓባይ ቢገደብም ኀይሉ እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው በሰፈርዎ ትራንስፎርመርና በግቢዎ ሽቦ በኩል ነው። ወንዝ የሚያህል ውሃ ቢኖር በገለባ የሚጠጣ ሰው የሚያገኘው ገለባው ያሳለፈለትን ያህል ነው።

ሀገርም ይለያያል። ከላይ ያልኳቸው ቁጥሮች እንደ አዲስ አበባ ላለ ደጋ ናቸው። ድሬዳዋ ወይም አዳማ ቢሆን ውሃው ከቧንቧው ሲወጣም ያን ያህል አይቀዘቅዝም። 26 ዲግሪ ሆኖ ቢመጣ ያው ሻወር በደቂቃ 6 ሊትር ተኩል ያሞቃል፤ በዝቅተኛው ማብሪያም ቢሆን ይበቃል። ደብረ ብርሃን ላይ 12 ዲግሪ ሆኖ ቢመጣ ግን ያው ዕቃ 3 ሊትር ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ድሬዳዋ ያለው ወንድምዎ ስላመሰገነው ብቻ አንድ ዕቃ ገዝተው ወደ ደብረ ብርሃን ቢወስዱ፣ ዕቃውም ወንድምዎም ያለ ጥፋታቸው ይወቀሳሉ።

ከሽቦው ቀጥሎ የሚመረመረው ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ሁሉ በጣራው ወይም በማማ ላይ ታንከር ያስቀምጣል። የታንከር ውሃ ግፊቱ ከከፍታው ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ይሰጣል። ታንከሩ ከሻወሩ ራስ ሁለት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ግፊቱ 0.2 ባር ነው። የኤሌክትሪክ ሻወር በትንሽ ግፊትም ይሠራል፤ ግፊቱ ከልክ በታች ከሆነ ግን ማብሪያው አይገፋለትምና ውሃው እንደ ቀዘቀዘ ይወርዳል። ሚክሰር ደግሞ ሌላ ዓይነት አመል አለው። ሙቁና ቀዝቃዛው ውሃ በእኩል ግፊት እንዲመጡለት ይፈልጋል። ቦይለሩ ውሃ የሚያገኘው ከታንከሩ ሆኖ ቀዝቃዛው ቧንቧ ግን ከመንገዱ መስመር ቀጥታ የመጣ ከሆነ፣ ውሃ በመጣ ዕለት ብርቱው ቀዝቃዛ ደካማውን ሙቅ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እርስዎም መዘውሩን እስከ መጨረሻው ቢያዞሩ ሙቅ ውሃ አያዩም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቦይለሩ ተበላሸ ብሎ ሠራተኛ ይጠራል። መድኀኒቱ ግን ሁለቱንም ቧንቧ ከአንድ ምንጭ፣ ማለት ሁለቱንም ከታንከሩ ማምጣትና ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ማድረግ ነው። ይህ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ቢታሰብ ቀላል ነው፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ግን ማፍረስ ይሆናል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንደሚባለው ነው።

መብራት በጠፋ ጊዜስ? የኤሌክትሪክ ሻወር መብራት እንደ ጠፋ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ ሳሙና በዐይንዎ ላይ እንዳለ ማለት ነው። ቦይለር ያሞቀውን ለብዙ ሰዓት ይዞ ይቆያል፤ ከታንከር ውሃ እስካለ ድረስ ይታጠቡበታል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ቦይለሩን ቀኑን ሙሉ አብርቶ መተው ትርፉ ኪሳራ ነው። የሞቀው ውሃ ቆሞ በቀዘቀዘ ቁጥር ማሞቂያው እየተነሣ እንደ ገና ያሞቀዋል። የመብራቱም ዋጋ እርከን በእርከን ስለሆነ፣ በወር ብዙ የሚፈጅ ሰው ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ይጨምርበታል። ከመታጠብዎ ሁለት ሰዓት በፊት ያብሩት፤ ከታጠቡ በኋላ ያጥፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በብዙ ቤት ገላዎን ሊታጠቡ ሲገቡ ባለቤቱ ከበር ላይ ሆኖ፣ «ቧንቧውን ስትነካው ትንሽ ይነዝራል፤ ግን ምንም አይልም» ብሎ የሚያስጠነቅቅበት ጊዜ አለ። እንግዳው በፎጣ ይዞ ይዘጋዋል፤ ልጆቹም በጫማ መቆም ይማራሉ፤ ነገሩም ልማድ ይሆናል። አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን ቃል በቤትዎ ውስጥ ፈጽሞ አይቀበሉት። ንዝረት ማለት ኤሌክትሪኩ መሄጃ አጥቶ በእርስዎ በኩል ወደ መሬት መውረድ ጀምሯል ማለት ነው። ዛሬ ትንሽ የሆነው እግርዎ ስለደረቀ ወይም ጫማ ስላደረጉ ይሆናል። የራሰ ገላ ለኤሌክትሪክ የተከፈተ በር ነው። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ በደረት በኩል ካለፈ ለልብ አደገኛ ነው፤ ያ ሻወር የሚስበው 25 አምፔር ግን 25,000 ሚሊአምፔር ነው። ቧንቧው ከነዘረ ከዋናው ያጥፉ፤ ሽቦው ተመርምሮ እስኪስተካከል ድረስ ማንም አይታጠብበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የዚህ ሁሉ ጠንቅ ብዙ ጊዜ አንዲት ሽቦ ናት፤ ያቺ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት የመሬት ሽቦ። ከሻወሩ ጋር ከፋብሪካ ትመጣለች፤ ሠራተኛው ግን ቤቱ የመሬት መስመር ከሌለው ቆርጦ ይጥላታል፣ ወይም በቧንቧው ላይ ጠምዝዞ ያስራታል። ድሮ ቧንቧ ሁሉ ብረት በነበረ ጊዜ ይህ ትንሽም ቢሆን ይረዳ ይሆናል። አሁን ግን የሚዘረጋው ብዙው ቧንቧ ፕላስቲክ ነው። በፕላስቲክ ቧንቧ ላይ የታሰረ የመሬት ሽቦ በገለባ ላይ እንደ ታሰረ በቅሎ ነው፤ የታሰረ ይመስላል እንጂ አልታሰረም። እውነተኛ የመሬት መስመር በግቢው አፈር ውስጥ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ተነሥቶ እስከ ማከፋፈያው ሣጥን፣ ከዚያም እስከ ሻወሩ ድረስ ሳይቋረጥ የመጣ ነው። በዚህም ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ሌላ መንገድ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚዘጋ፣ 30 ሚሊአምፔር የተጻፈበት መከላከያ በሣጥኑ ውስጥ ይግጠሙ። ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ይህኛው የሚጠብቀው ሰውን ነው። ሳሎንዎን ከሚያስጌጡበት ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ማንም እንግዳ አያደንቅልዎትም፤ ልጆችዎ ግን ይኖሩበታል።

ቦይለር የመረጠም ሰው ከዚህ ጭንቀት ነፃ አይደለም። ለቦይለሩም የመሬት ሽቦ ግድ ነው፤ ልዩነቱ ከመታጠብዎ በፊት ሊያጠፉትና ሊነቅሉት መቻልዎ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሻወር ግን የሚሠራው እርስዎ ከሥሩ ቆመው ሳለ ነው። የቦይለሩ የራሱ አደጋ ግፊት ነው። ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፤ 50 ሊትሩ 60 ዲግሪ ሲደርስ አንድ ሊትር የማይሞላ ትርፍ ውሃ መውጫ ይፈልጋል። ይህ ትርፍ የሚወጣው ከሥሩ በተገጠመው የመተንፈሻ ቫልቭ ነው። ሲያንጠባጥብ አይተው ተበላሸ ብለው እንዳይደፍኑት፤ አንጠባጠበ ማለት ይሠራል ማለት ነው። የተደፈነ ቦይለር ግን ክዳኑ እንደ ተበየደ ድስት ነው። እንዲሁም ሙሉ ቦይለር ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ባዶ ሆድ ባለው ብሎኬት ላይ በተራ ሚስማር አይሰቀልም። ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ ከፍቶ ሙቁን በኋላ መጨመርን ያስተምሩ፤ 60 ዲግሪ ውሃ የልጅ ቆዳ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ያቃጥላል። ሙቀቱን ራሱ የሚጠብቅ ሚክሰር ቢገኝ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የተሻለ ነው።

በኪራይ ቤት የሚኖሩስ? ተከራይ በግድግዳው ላይ ሥልጣን የለውም፤ ቆጣሪውም ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። የኤሌክትሪክ ሻወር ሲለቁ ፈትተው የሚወስዱት ስለሆነ ተከራይ ይወደዋል፤ አከራይ ደግሞ ሽቦውን ሳይመረምር «ከፈለግህ አስገጥም» ብሎ ይፈቅዳል። የሁለቱም ቸልተኝነት በአንድ ሰው ገላ ላይ ይከፈላል። ሽቦው የማይችል ከሆነ በምድጃ የተሞቀ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ ሳፋና አንድ ጆግ ከማንኛውም ሻወር ይሻላል። በባልዲ የታጠበ ሰው ንጹሕ ነው፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም።

ሚክሰርን ለመምረጥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ እሱም ፀሐይ ነው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አለን እያልን በምንጠራት አገር ፀሐይዋ ጣራችንን ብቻ ስታሞቅ መዋሏ ያሳዝናል። የፀሐይ ማሞቂያ ሲገዙት ውድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን በበጋው የሚጠይቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና ሲከብድ በኤሌክትሪክ ይረዳል። ዛሬ ገንዘቡ ባይኖርዎትም እንኳ ቤቱ ሲሠራ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ እስከ ጣራው ድረስ ካዘረጉ፣ ነገ ማሞቂያውን መግጠም የአንድ ቀን ሥራ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሻወር ብቻ አስቦ አንድ ቧንቧ የዘረጋ ሰው ግን ይህን በር በራሱ እጅ ዘግቶታል።

እንግዲህ ፍርዱን ላሳጥረው። ቤትዎ ውስጥ ያሉት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከሆኑ፣ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦና እውነተኛ የመሬት መስመር ካለዎት፣ መብራቱም ደኅና ከሆነ፣ ይልቁንም ቆላ ወይም ወይና ደጋ የሚኖሩ ከሆነ የኤሌክትሪክ ሻወር ይበቃዎታል፤ ውሃም ይቆጥብልዎታል። ቤተ ሰብዎ የበዛ ከሆነ፣ ማታ ማታ ቮልቱ የሚደክም ወይም መብራቱ የሚመላለስ ከሆነ፣ ሽቦዎም አሮጌ ከሆነ ቦይለርና ሚክሰር ይሻልዎታል፤ ውሃውን ግን ይመጥኑ። ቤቱን ገና የሚሠሩ ከሆነ ሁለት ቧንቧና አንድ ወፍራም ሽቦ አብረው ይዘርጉ፤ በኋላ የፈለጉትን ይገጥማሉ። የመሬት መስመር ከሌለዎት ግን ሁለቱንም ከመግዛትዎ በፊት እሱን ያስገቡ።

ዛሬ ማታ ይህን መጽሔት አስቀምጠው ወደ ማከፋፈያው ሣጥን ይሂዱና አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፤ አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ አለችን? ካለች ደግሞ ከየት ተነሥታ የት ትደርሳለች? ምንም ሳይነኩ በዐይን ብቻ ይዩ፤ ካልገባዎትም ነገ ዐዋቂ ሠራተኛ ጠርተው በመሣሪያ እንዲለካልዎ ያድርጉ። የሳሎኑን ነገር ሌላ ሳምንት እንመለስበታለን። እስከዚያው በሙቅ ውሃ፣ በሰላምም ይታጠቡ።